ዘበኛው የማያየው ፎልደር

ሟቹ የተገኘው ጫማውን አውልቆ፣ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ ነው። ጸሐፊዋ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍታ አየችውና እንቅልፉን እንዳትረብሽ ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛ ጊዜ የከፈተችው ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ በስልክ ሲፈለግ ነው። «ጋሼ፣ ስልክ» አለች። ሦስት ጊዜ ጠራችው። ከዚያ ለደወለው ሰው «አልተመቻቸውም» ብላ ስልኩን ዘጋችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደዚያ እንዳለች በኋላ ስትጠየቅ አላወቀችም።

ቢሮው ሁሉ «ጋሼ» ይለው ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍል ተከራይቶ «ዘበኛው» የሚባል ፕሮግራም ይሠራል። የዘበኛው ሥራ በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎችንና ፎልደሮችን መጠበቅ ነው። አንድ ነገር ሲፈጠር፣ ሲነካ ወይም ሲሰረዝ፣ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ብሎ በመዝገቡ ያሰፍራል። ሆስፒታሎችና ማተሚያ ቤቶች ገዝተውታል። እንግዲህ ሕንፃው ሁለት ዘበኛ ነበረው ማለት ይቻላል፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የማይተኛ አንድ፣ ምድር ቤት በር ላይ የማይነቃ አንድ።

ማሽኖቹ የሚቀመጡበት ሰርቨር ክፍል በሕንፃው ውስጥ ብቸኛው ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ጋሼ በየቀኑ ከስድስት ተኩል ጀምሮ እዚያ ይተኛ ነበር፤ ይህን የማያውቅ የለም። ማሽን ላይ ውሃ ስለማይረጭ፣ ለእሳት መከላከያ ተብሎ ክፍሉ አየሩን የሚበላ ጋዝ ተገጥሞለታል። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ደወል ለሠላሳ ሴኮንድ ይጮኻል፤ ሰው ካለ ይወጣል። ማክሰኞ ቀን 6፡45 ላይ፣ እሳት ሳይኖር፣ ጋዙ ተለቀቀ።

ከሰዓት በኋላ የመጡት ፖሊሶች ደወሉን ሞከሩት። አራተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ደንግጠው እስኪወርዱ ድረስ ጮኸ። «ሟች እንቅልፋቸው ከባድ ነበር» ብለው ጻፉ። አደጋ ተባለ። በማግስቱ ሁሉም ሥራ ገባ፤ ሌላ የት እንደሚኬድ ያወቀ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ግን አንድ ሰው በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ይሉታል። የገባው ወደ ኢንስፔክተሯ ቢሮ ነው።

ኢንስፔክተሯ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። መርማሪ ከመሆኗ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች፤ ዶሴ ስትቆጥር፣ ዶሴ ስታስር፣ አለቆች የጣሉትን ዶሴ ስትፈልግ። ኮምፒውተር ላይ በእርግጠኝነት የምታውቀው ቁልፍ ማጥፊያውን ነው።

«እትዬ፣ ደወሌ ይሠራል» አለ ሽቦ ሳይቀመጥ።

«ደወልህን ማን ነካው? ተቀመጥ።»

«ዛሬ አደጋ ነው ይላሉ፤ ነገ ደግሞ የገጠመው ሰውዬ ነው ይላሉ። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የዘበኛውን መዝገብ አሳትሜ መጣሁ።» ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ለኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ።»

«ጋዙ ትእዛዙን የሚያነበው ከፎልደር ነው። አዲስ ትእዛዝ ሲፈልጉ አዲስ ፎልደር ይፈጥሩለታል፤ እሱ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ነው የሚሰማው። የመጨረሻው ከተሰረዘ ወደ በፊተኛው ይመለሳል። ሁሉም ያውቀዋል፤ አሠራሩን ጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።»

«እና?»

«ማክሰኞ 6፡31 ላይ አዲስ ፎልደር ተፈጠረ። ውስጡ አንድ ፋይል አለ። ደወል ዝም ይበል፣ መጠበቂያ ዜሮ፣ ጋዙ 6፡45 ይለቀቅ ይላል። 7፡05 ላይ ፎልደሩ ተሰረዘ። ጋዙ ወደ ድሮ ትእዛዙ ተመለሰ። ለዚህ ነው ደወሉ ለፖሊሶቹ የጮኸው። ለጋሼ ግን አልጮኸም።»

«ከማን ኮምፒውተር?»

ሽቦ አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ካለ አንድ ስም ሥር አሳረፈ። ከጋሼ ጋር የምትሠራው የእህቱ ልጅ ስም ነበር።

«ጥሩ ልጅ ናት» አለ። «ግን እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ለሌላ ሰው አሳይተሃል?»

«ኧረ ለማንም።»

«አታሳይ።»

አለቃዋ በስልክ ሲሰማ ደስ አለው። «ስም አለ፣ ሰዓት አለ። ምን ቀረሽ?»

«ለምን የሚለው።»

«ለምን የሚለውን እዚህ ትነግረናለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘሻት ካልመጣሽ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዲት ጠይም ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀድሞ የመጣው ሳጅን ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ አለ። «የሟች እህት ናቸው። የተጠርጣሪዋም እናት።»

«ተጠርጣሪ መሆኗን ነገርካቸው?»

«ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።»

«ምላስህ ይቆረጥ እንዳልል ለሪፖርት ትፈለጋለህ» አለችና ወደ ሴትየዋ ዞረች።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። «ትላንት ወንድምሽ ሞተ አሉኝ» አለች፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። «ዛሬ ልጅሽ ናት የገደለችው አሉኝ። ለነገ ምን አስቀመጣችሁልኝ?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቁኝ፣ እትዬ።»

«እጠብቃለሁ። ቤት ሰው ሞልቷል። ምን ብዬ ነው የምገባው?»

ልጅቷ የተቀመጠችው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በወረቀት ካርቶኖች መካከል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ አንድ ካርቶን ላይ የተጻፈውን «በጥንቃቄ ይያዝ» ደጋግሞ የሚያነብ ይመስላል። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አሳየቻት።

«ስምሽ ነው።»

«ስሜ ነው።»

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።» ይህን ያለችው አንድ ጊዜ ነው፤ ይመኗት አይመኗት ሳታይ።

«ማክሰኞ ከአጎትሽ ጋር ተጣልታችኋል።»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ከጉድጓድ አታስወጪኝ፤ ወገቤን ያመኛል። በምን ተጣላችሁ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ዘበኛው ጉድለት ነበረበት። ሥራ ሲጀምር ያሉትን ፎልደሮች ይቆጥርና እነሱን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፎልደር ቢፈጠር አያውቀውም። ውስጡ የፈለገው ነገር ቢደረግ አያይም።»

«ሲረከብ የቆጠራቸውን ክፍሎች ብቻ የሚጠብቅ ዘበኛ። እሱ ከተረከበ በኋላ አዲስ ክፍል ቢሠራ፣ እዚያ ሌባ ቢያድር እንኳ ግዱ አይደለም።»

ልጅቷ ለአፍታ አየቻት። «እንደዚያ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አራት ዓመት። ያገኘው ጋሼ ነው፣ ባለፈው ሳምንት። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለታችን ጠገንነው። እንደገና አስነሳነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፎልደርም ያያል። እኔ "ከጠገንነው አበቃ" አልኩት። እሱ ግን ለደንበኞቹ ሁሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ አለኝ። "አራት ዓመት አንድ ዓይኑ ዕውር ዘበኛ ሸጥንላችሁ፣ ይቅር በሉን" የሚል። መጠገን አንድ ነገር ነው፣ መናገር ሌላ ነው አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«"ያረጀህ ሽማግሌ፣ እንጀራችንን ልትደፋ ነው" አልኩት። ስድስት ከሩብ ላይ። ከዚያ ወጥቼ ሄድኩ። ዝም ብዬ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ። የሚመሰክርልኝ ሰው የለም።»

«እሳቸውስ?»

«ምንም አላለኝም። ሊተኛ ሄደ።»

«መጠገኑን ከናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረ፤ እዚያ ሊናገር ነበር።»

«እናትሽ ውጭ ናት።»

«አውቃለሁ። ሳሏን እሰማዋለሁ።»

 ልጅቷ ወደ ካርቶኑ ተመለሰች።

ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ በዚያ ቀን ለማንም የማይላክ ወረቀት እየለየች ነበር። ተናጋሪ ናት፤ ከትላንት ወዲህ የሚያዳምጣት አላገኘችም።

«ጋሼ ደብዳቤ ጽፈው ነበር ይባላል» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ራሳቸው ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው፣ ሰኞ ማታ መውጫ ላይ ሰጡኝ። "ለሸሪኩ በእጁ ስጪው" አሉኝ። ለሌሎቹ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንልካለን አሉ።»

ሸሪኩ ማለት ድርጅቱን ከጋሼ ጋር የመሠረተው፣ ዘበኛውን እየዞረ የሚሸጠው ሰው ነው።

«ሰጠሻቸው?»

«ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ከረሜላ ሰጡኝ።»

«ምን?»

«ከረሜላ፣ እትዬ። በስድስት ዓመት "እንደምን አደርሽ" ብለውኝ አያውቁም። እስካሁን አልበላሁትም፤ ፈርቼ።»

«ደብዳቤው ማክሰኞ ሄደ?»

«ማን ይልከዋል? "ሐዘን ላይ ነን፣ ደብዳቤ ምን ይሠራል" አሉ ሸሪኩ።»

«ማክሰኞ ምሳ የት በላሽ?»

«እሱም ሌላ ጉድ ነው። ሸሪኩ ጋበዙኝ! ምድር ቤት ያለው ምግብ ቤት። እኔ መጸዳጃ ክፍል ገብቼ ከንፈሬን ስቀባ ሩብ ሰዓት ቆየሁ፤ ግብዣ ነዋ። 6፡40 ላይ አብረን ወረድን። ደጋግመው ሰዓት ይነግሩኛል። "አየሽ፣ 6፡45 ሆኗል፣ ምግቡ አልመጣም" ይሉኛል። እኔ እንደሆንኩ አልቸኮልኩም።»

«ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነበር?»

«አንዴ፣ ሰባት ሰዓት ላይ። እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ላይ ወጡ፤ የታቹ ቧንቧ ተበላሽቷል ብለው። አሥር ደቂቃ ቆዩ። ምግቡ ቀዘቀዘባቸው።»

የሸሪኩ ክፍል ግድግዳው በምስክር ወረቀት ተሸፍኗል። ሰውየው ሐዘኑን እንደ ጥሩ ኮት ለብሶታል፤ ልኩ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም።

«ወንድም ማለት ነው የሞተብኝ» አለ። «እሱ ጭንቅላት ነበር፣ እኔ ምላስ።»

«ፕሮግራም ይጽፋሉ?»

«ድሮ። የመጀመሪያውን ዘበኛ ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ፎልደርና ድስት አልለይም።»

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«አምስት ሰዓት። ጠዋት ደንበኛ ጋ ነበርኩ። ጋሼን ሰላም አልኩት፣ በቃ። ስብሰባ አለን ብሎኝ ነበር።»

«ሰኞ ጸሐፊዋ ደብዳቤ ሰጥታዎታለች።»

«ፖስታ ሰጠችኝ፣ ልክ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልቤ ሲረጋ አነበዋለሁ።»

«ምን እንደሚል አያውቁም?»

«ከየት አውቄ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ልጅቷን አደራ። ተጣልተዋል፣ እውነት ነው፣ ሕንፃው ሰምቷል። ግን ልጅነት ነው። ልጅነት ደግሞ አንዳንዴ...» ዓረፍተ ነገሩን ሌላ ሰው እንዲጨርስለት ተወው። 

ኢንስፔክተሯ ወደ ምግብ ቤቱ ወረደች። ምሳ አዝዛ፣ ጥግ ወዳለው እጅ መታጠቢያ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ወረደ። እጇን በሳሙና ታጠበች።

«ይሄ ቧንቧ ከተጠገነ ስንት ቀን ሆነው?» አለችው አስተናጋጁን።

«ምን ሆኖ ነው የሚጠገነው?»

ያመጣላትን በላች። ምን እንደበላች ሳጅኑ ሲጠይቃት አላስታወሰችም። ሦስተኛ ፎቅ ተመልሳ የልጅቷን ኮምፒውተር እንዲነካው ነገረችው። ሲነካው ያለ ምንም ይለፍ ቃል በራ።

«አይቆለፍም እንዴ?» አለ ሳጅኑ።

«እዚህ ቢሮ የማንም አይቆለፍም» አለ ከደጅ ያለፈው ሽቦ። «ዘበኛው ባለበት ቤት ማን ይቆልፋል? እኔ እንኳ አንዴ የጋራው ፎልደር ውስጥ የትግል ፊልም አስቀምጬ በሁለት ደቂቃ ያዘኝ። ስሜ በቀይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ማሽን አጠገብ አስነጥሼም አላውቅ።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «አሥር ሰዓት ሆነ።»

«አይቻለሁ» አለችና ዘጋችው።

ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሽቦ፣ ጸሐፊዋ፣ ሸሪኩ፣ ሳጅኑ ያመጣት ልጅቷ። እናትየው ወንበር ሲሰጧት እምቢ አለች፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ልጇን አላየችም።

«እስከ አሁን አደጋ ነው ስትባሉ ቆይታችኋል» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «አደጋ አይደለም። ጋዙን የለቀቀው ትእዛዝ ነው። ዘበኛው መዝግቦታል።» ወረቀቱን አነሣች። «6፡31 አዲስ ፎልደር ተፈጠረ። ውስጡ፦ ደወል ዝም፣ መጠበቂያ ዜሮ፣ ጋዝ 6፡45። ከዚያ 7፡05 ፎልደሩ ተሰረዘ። የተሠራው ከልጅቷ ኮምፒውተር ነው።»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። በሩ ላይ ያለችው ሴት አልተንቀሳቀሰችም።

«6፡45 ላይ የት ነበርክ ብዬ ማንንም አልጠይቅም። በዚያ ሰዓት ጋዙን የለቀቀ እጅ የለም፤ ትእዛዙ ቀድሞ ተሰጥቷል። እጅ የተፈለገው ሁለት ጊዜ ነው፤ 6፡31 እና 7፡05። 6፡31 ላይ ልጅቷ ከወጣች ቆይታለች፤ ጸሐፊዋ ከንፈሯን ትቀባለች፤ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። 7፡05 ላይ ደግሞ አንድ ሰው እጁን ሊታጠብ ሦስት ፎቅ ወጥቷል፤ የታቹ ቧንቧ ተበላሽቷል ብሎ። ዛሬ እጄን እዚያ ታጥቤአለሁ። ውሃው ጥሩ ነው።»

ሁሉም ሸሪኩን አዩት። እሱ ፈገግ አለ፤ ደንበኛ ዋጋ ተወደደ ሲለው የሚያወጣው ፈገግታ ነው።

«ለቧንቧ ነው የምሰቀለው? ኢንስፔክተር፣ ወረቀቱ ራሱ ሐሰት ነው። ይቅርታ፣ እርስዎ ባለሙያ አይደሉም። ዘበኛው ይሄንን ሊመዘግብ አይችልም። ከተነሣ በኋላ የተፈጠረ ፎልደር አያይም! ይህን መዝገብ ሰው ተቀምጦ ፈጥሮታል። ይህን ማድረግ የሚችል ደግሞ...» ወደ ልጅቷ እጁን ዘረጋ።



«አያይም?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሽቦ፣ ያያል አያይም?»

«እኔን ይጠይቁኝ እንጂ! ሁሉን ያያል።»

«አንቺስ?»

«"ዘበኛው ሁሉን ያያል" ብዬ አራት መቶ ጊዜ ተይቤአለሁ» አለች ጸሐፊዋ። «አያይም ሲባል ገና ዛሬ ነው የምሰማው።»

«ልክ ነሽ። አያይም የሚለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ሰኞ በታሸገው ደብዳቤ ውስጥ። እርስዎ ያላነበቡት ደብዳቤ። ቆመው አንብበው ከረሜላ የሰጡበት።»

ሸሪኩ ፈገግታውን ረስቶት ፊቱ ላይ ቀረ።

«እኔ መዝገብ ቤት ነው ያደግኩት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዶሴ የሚሰርቅ ሰው ጠባቂው ነቅቶ ባለበት መደርደሪያ አይነካም። ጠባቂው አያይም ብሎ ያመነበትን ጥግ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ማን ጠላ አላልኩም፤ እያንዳንዱ ስለ ዘበኛው ምን ያምናል አልኩ። ሽቦና ጸሐፊዋ ሁሉን ያያል ይላሉ፤ ሁሉን ያያል ያለ ሰው ፎልደር ሰርዤ እጠፋለሁ አይልም። ልጅቷ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዕውሩን ዓይን በገዛ እጇ አድናለች፤ እንደሚያያት እያወቀች፣ በራሷ ስም፣ ፊቱ ቆማ አትገድልም። ጉድለቱን የሚያውቅ፣ መጠገኑን ግን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ። አምስት ሰዓት ላይ ሥራ የገባ።»

«ጠገኑት?» አለ ሸሪኩ። ድምፁ የጠያቂ ነበር፤ እንደ እውነተኛ የሥራ ጥያቄ። «መቼ?»

«አራት ሰዓት ላይ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«አልነገረኝም።»

«በስብሰባው ሊነግርህ ነበር።»

 «ደብዳቤውን ተው አልኩት፤ ሰኞ ማታ በስልክ ለመንኩት» አለ ሸሪኩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ "ሁሉን ያያል" እያልኩ የዞርኩት እኔ ነኝ። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቅርታ ይጽፋል፤ በየደጁ የሚተፋብኝ እኔ። ተኝቶ ነው። አልተሠቃየም።»

«ላመስግንህ?» አለች በሩ ላይ ያለችው የሟች እህት።

 ሳጅኑ ሸሪኩን ክንዱን ይዞ አስነሣው። ሰውየው ኮቱን ጠየቀ፤ ሰጡት። ሐሙስ ከአንድ ማተሚያ ቤት ጋር ቀጠሮ እንዳለው፣ አንድ ሰው ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቅለት ለጸሐፊዋ ነገራት። እሷም ከልማድ ብዛት ጻፈችው። ሽቦ «እንግዲህ ደወሌ ነጻ ወጣ» ብሎ አንድ ሰው ይስቃል ብሎ ጠበቀና ወጣ። ኢንስፔክተሯ ለአለቃዋ ደውላ ስም ነገረችው፤ የተለየ ስም መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ መድገም አስፈለጋት።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ቀሩ።

«አንዱን ዘለሉት» አለች ልጅቷ።

«ዘለልኩት።»

«6፡33 ያለውን።»

«አውቃለሁ። ገዳዩን ለማግኘት አያስፈልግም።»

«ምኑን ነው የዘለሉት?» አለች እናትየው።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ግን አልሄደችም።

«ዘበኛው አዲስ ነገር ሲያይ መልእክት ይልካል» አለች ልጅቷ ለእናቷ። «ለጋሼና ለኔ። ጋሼ ሲተኛ ስልኩን ያጠፋል። የኔ በርቶ ነበር። መንገድ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ከፍቼ አነበብኩት፤ ማንበቤንም ዘበኛው 6፡33 ብሎ መዝግቦታል። ጋዙ ሊለቀቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበረው። እሱ ራሱ የጠገንነውን የሚሞክር መሰለኝ፤ እኔን ለማናደድ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»

«ምን ይላል መልእክቱ?»

«አዲስ ፎልደር ተፈጥሯል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እኔ ባነበው ምን እንደሆነ አይገባኝም።»

«እኔ ግን ይገባኛል፣ እማ።»

እናትየው የተሰጣትንና እምቢ ያለችውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አይዞሽ» አላለችም። ኢንስፔክተሯ ያን ቃል ስትጠብቅ ቆይታ ነበር።

«ማክሰኞ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች እናትየው። «ልብስ አጥብ ነበር። እጄ እርጥብ ነው ብዬ ተውኩት። ይደውላል ብዬ። መልሶ አልደወለም።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ሊልሽ ነበር?»

«እንጃ።»

ኢንስፔክተሯ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች። ሁለቱ መውጣቷን አላዩም።

«ተነሺ» አለች እናትየው። «ቤት ሰው አለ።»

«ምን እንላቸዋለን?»

«ሻይ እንሰጣቸዋለን።»

«ይጠይቁናል እኮ።»

«ይጠይቁ። እኔ እቀዳለሁ፤ አንቺ ብርጭቆ ታመላልሻለሽ።»